እትዬ ልሞክረው እና የባሌስትራው ቢላዋ

አክስቴ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አላት። ሚስማር፣ ማጠፊያ፣ ቀለም፣ የቧንቧ መገጣጠሚያ፣ መዶሻ፣ መጋዝ፣ ገመድ፣ ሁሉም ከወለል እስከ ጣሪያ ተቆልሎ፣ መሃል ላይ እሷ ብቻ በጎኗ የምታልፍበት ቀጭን መንገድ ቀርቷል። እኔ የእህቷ ልጅ ነኝ። ትምህርት ስጨርስ ሥራ እስካገኝ ድረስ ላግዛት ብዬ ገባሁ፤ እዚያው ቀረሁ።

ደንበኞቿ በስሟ አይጠሯትም። "እትዬ ልሞክረው" ነው የሚሏት፤ በገዛ እጇ ያልሞከረችውን ዕቃ አትሸጥማ። አዲስ ዓይነት መዶሻ ከመጣ ቤት ወስዳ ግድግዳውን ትቸነክርበታለች። ሙጫ ከመጣ የተሰበረ ሰሃን ፍለጋ ቤቱን ታምሳለች፤ የተሰበረ ካጣች ደግሞ አንዱ ደህና ሰሃን ከእጇ ያመልጣታል። አንዴ ውሃ አያስገባም የተባለ ቀለም ጫማዋን ቀብታ ዝናብ ስትጠብቅ ሰነበተች። ዝናቡ መጣ፣ ካልሲዋ ራሰ፣ ቀለሙም ወደ አምጪው ተመለሰ። ሰው ይስቅባታል፤ ግን ሌላ ሱቅ ሄዶ ከገዛ በኋላ እንኳ ተመልሶ "እትዬ፣ ይሄ ነገር እንዴት ነው?" ብሎ የሚጠይቃት እሷን ነው።

ባሏን ጋሼ ነው የምንለው። ዕድሜውን ሙሉ የመብራት ሽቦ የሚነኩ ቅርንጫፎችን ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው። ዛፍ ላይ በገመድ ታስሮ፣ መጋዙን ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ፣ መሬት ላይ ካለው ሰው ጋር እየተጨቃጨቀ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ወደቀ። ዳሌው ተሰብሮ ብዙ ተኛ፤ ዳነም፣ ግን አንድ እግሩ አጠረበትና ሥራው በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ግቢ ውስጥ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ ያዳምጣል። አይቆጣም፣ አያማርርም። አክስቴን ያስጨነቃትም ይኸው አለማማረሩ ነው። ድሮ ስለ ጨውም፣ ስለ በር መዝጊያም፣ ስለ ደመናም የሚከራከር ሰው፣ አሁን ምን ልሥራልህ ስትለው "ያለው ይበቃል" ብቻ ሆነ መልሱ። ወንበሩን ደግሞ ሁልጊዜ ጀርባውን ለጎረቤት ዛፎች ሰጥቶ ነው የሚያስቀምጠው። ሁላችንም አይተናል። ማናችንም አንስተንበት አናውቅም።

አብረውን የጋሼ እናት፣ እማማ፣ ይኖራሉ። ዓይናቸው ደከም ብሏል። ምላሳቸው ግን እንደ ወጣትነታቸው ነው።

ከሱቃችን ፊት ለፊት አንድ ቀጥቃጭ አለ። ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ መጥረቢያ፣ ማጭድና ዶማ ያወጣል። የመዶሻው ጩኸት አንድ ጆሮውን ስለወሰደበት ሲያወራ ይጮኻል፤ መቆጣቱና መቀለዱ በድምፁ ስለማይለይ ሰው ፊቱን አይቶ ነው የሚረዳው። አንድ ጠዋት በጆንያ የተጠቀለለ ነገር አምጥቶ ጠረጴዛችን ላይ ዘረጋው። ከቢላዋ የበለጠ፣ ከገጀራ ያነሰ ነው። ጀርባው ወፍራም፣ ሆዱ ሰፊ፣ እጀታው ድቡልቡል እንጨት። ድንኳን ይዘው ጫካ የሚያድሩ ሰዎች እንዲህ ያለ ቢላዋ ይይዛሉ አለን። አንድ መንገደኛ ሊያስለው ቢያመጣለት አይቶ፣ እኔስ ምን አንሶኝ ብሎ የሠራው ነው። እንጨት ይፈልጣል፣ ሥጋ ይበልታል፣ ሽንኩርት ይከትፋል፤ ይሄን የያዘ ሰው ሌላ ዕቃ መሸከም አያስፈልገውም። ሱቋ ውስጥ ብትሰቅልለት ሌሎችም ሊሠራ ዝግጁ ነው።

አክስቴ አነሳችው፣ በእጇ መዘነችው፣ በአውራ ጣቷ ስለቱን በስሱ ዳበሰችው።

"ልሞክረው" አለች።

ቀጥቃጩ ይህንኑ ሲጠብቅ ነበርና ባዶ ጆንያውን ይዞ ተመለሰ።

ቢላዋው በዚያው ቀን ወጥ ቤት ገባ። እማማ እጃቸውን ዘርግተው ከእጀታው እስከ ጫፉ ዳሰሱትና፣ ከማን ጋር ልንጣላ እንደሆነ ጠየቁ። ከዚያ "አጅሬ" አሉት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እቤታችን ውስጥ ቢላዋ ብሎ የጠራው ሰው የለም።

አጅሬ ሥራውን በዱባ ጀመረ። እኛ ቤት ዱባ መቁረጥ ቀላል ነገር አልነበረም። ትንሹ ቢላዋ ዱባው ውስጥ ይሰነቀርና ወደፊትም ወደኋላም አልል ይላል፤ አክስቴ ዱባውንና ቢላዋውን አንድ ላይ አንስታ ከወለሉ ጋር ታላጋዋለች፤ እማማ ቤቱ ሊናድ ነው እያሉ ከጓዳ ይጣራሉ። አጅሬን ግን ዱባው ላይ አስቀምጣ ጀርባውን በመዳፏ ጫን ስትለው ዱባው ያለ ጭቅጭቅ ለሁለት ተከፈለ። አክስቴ ሁለቱን ግማሾች እያገላበጠች አየቻቸው። ደስ ሲላት እንዲህ ነው የሚያደርጋት።

ካሮት ላይ ግን አመሉ ወጣ። ጀርባው ስለሚወፍር ካሮቱን እስከ መጨረሻው አይቆርጠውም፤ ግማሽ ድረስ ይገባና ይሰነጥቀዋል። ቁራጮቹ እየተስፈነጠሩ አንዱ ምድጃው ሥር ገባ፣ አንዱ እማማ ጭን ላይ አረፈ። እማማ የደረሳቸውን ካሮት ቆረጠሙና፣ ምሳ እንዲህ እየበረረ ከመጣላቸው ከእንግዲህ ከወንበራቸው እንደማይነሱ አስታወቁ። ድንች ስትልጥበት ልጣጩ ከድንቹ ወፈረ። ቀይ ሽንኩርቱን ከመክተፍ ይልቅ ያደቀው ጀመር፤ እኔና አክስቴ እንባችንን እያበስን ተያየን። ነጭ ሽንኩርት ላይ በጎኑ አጋድማ አንዴ ስትጫነው ግን ልጣጩ ራሱን ችሎ ወለቀ። ጥቅል ጎመንም ተስማማው፤ የተከተፈውን በሰፊው ጎኑ ዝቃ ድስቱ ውስጥ ስትገለብጠው ሌላ ማንሻ አላስፈለጋትም።

አንድ ቀን ሎሚ ቆርጣበት ሳትጠርገው ወደ ሱቅ ሮጠች። ስትመለስ ስለቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ወጥቷል። በአመድ ፈግፍጋ አስለቀቀችው፣ ዘይት ቀባችው፣ ገዢ ሁሉ ይሄ ይነገረው አለችኝ። እንግዲህ አክስቴ እንዲህ ናት፤ ገና ለመሸጥ ሳትወስን ለገዢው ማሰብ ትጀምራለች።

በእነዚያ ቀናት የበላነው ካሮት አንዱ የጥፍር፣ አንዱ የጣት ያህል ነበር። ጋሼ የቀረበለትን ያለ ቃል ይበላ ነበር። አንድ ከሰዓት ግን ውሃ ሊጠጣ ወጥ ቤት ብቅ ብሎ፣ አክስቴ የዶሮ አጥንት ስትሰብር ጥቂት ቆሞ አያት።

"አያያዝሽ ልክ አይደለም" አለና ውሃውን ይዞ ወጣ።

አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። ከወደቀ ወዲህ ሳይጠየቅ አስተያየት ሲሰጥ የሰማነው የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ከዚያ ዶሮዋን መሰባበር ቀጠለች። ግን አውቃታለሁ፤ ፊቷ ላይ አንድ ሐሳብ ሲገባ አየሁ።

በነጋታው፣ ይሄ ቢላዋ የጫካ ነው ተብሎ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻ ሞክሬ ብሸጠው ሰው ማታለል ይሆንብኛል ብላ ለጋሼ ነገረችው። ወንዝ ዳር ይዟት እንዲሄድ ጠየቀችው። እሱ እግሩን አሳበበ። እሷም አላስጨነቀችውም፤ ግድ የለም፣ ከልጅቷ ጋር እሄዳለሁ አለችው።

በእረፍት ቀናችን ማንቆርቆሪያ፣ ድንችና ቲማቲም በዘንቢል ይዘን፣ አጅሬን በፎጣ ጠቅልለን ወጣን። በሩ ጋ ስንደርስ ከኋላችን የከዘራ ድምፅ ሰማን። ጋሼ ኮፍያውን አድርጓል። ልቀመጥ ብቻ ነው የምመጣው አለ። እማማ ከውስጥ ሆነው ጭራሮ እንዳንረሳ አዘዙን፤ ልጃቸው በገዛ እግሩ መውጣቱን እንዳልሰሙ ሆነው።

ከጡብ ማምረቻው ጀርባ፣ ወንዙ ዳር፣ ነፋስ የጣላቸው ዛፎች የሚገኙበት ጫካ አለ። የወደቀ እንጨት ማንሳት አይከለከልም። ጋሼ አንድ ድንጋይ መርጦ፣ እንደ ልማዱ ጀርባውን ለዛፎቹ ሰጥቶ ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ ተቀመጠ። አክስቴ ከወደቀ ግንድ ላይ የእጅ ያህል የሚወፍር ቅርንጫፍ መረጠችና፣ እግሮቿን ከፍታ ቆማ ቢላዋውን ወደ ራሷ ማውረድ ጀመረች። ቢላዋው ይነጥራል፤ እንጨቱ ይጫጫራል እንጂ አይቆረጥም። እሷ ስትመታ እኔ የማየው ጋሼን ነው። ፊቱ ወንዙ ላይ ነው፤ ትከሻው ግን በየምቱ ይሰበቃል። ሳያይ በድምፁ ብቻ የቱ ምት እንደተሳሳተ ይሰማዋል።

መጨረሻ ላይ አልቻለም።

"እግርሽን አንሺ" አለ በዝግታ። "ቢላዋው ከሳተ የሚያርፈው ጉልበትሽ ላይ ነው።"

ተነሳ። ከዘራውን ድንጋዩ ላይ ትቶት ነበር፤ ይህን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ቢላዋውን ከእጇ ተቀብሎ በግንዱ ማዶ አቆማት፣ ግንዱ በእሷና በስለቱ መሃል እንዲሆን። ቀጥ ብሎ ወደ ታች የተመታ እንጨት ይመልስሻል፤ መጀመሪያ ከዚህ በኩል ሰያፍ፣ ቀጥሎ ከዚያ በኩል ሰያፍ አድርገሽ ምቺና መሃሉ ራሱ ይወጣል አላት። ጉልበትሽን ተይው፣ ክብደቱ ይሥራ። አሳያት። ፍንካቹ ተስፈንጥሮ ሳሩ ላይ ወደቀ፤ ቅርንጫፉም ወዲያው ተበጠሰ። ከዚያ ጉማጁን አቁሞ፣ አጅሬን አናቱ ላይ አስቀምጦ፣ ጀርባውን በሌላ እንጨት እየመታ ፈለጠው። ከፍልጡ ላይ ደግሞ እንደ ፀጉር የተጠቀለለ ስስ ፍቅፋቂ አወጣ። እሳቱ በአንድ ክብሪት ተያያዘ።

ማንቆርቆሪያው እስኪፈላ ሦስታችንም ቁጭ አልን። ጋሼ አንድ ፍንካች አንስቶ አፍንጫው ሥር ያዘ። ያዘና አላወረደውም።

"ከፍታው አይደለም የናፈቀኝ" አለ። "ይሄ ነው። አሁን የተቆረጠ እንጨት ሽታ።"

አክስቴ ለምን እንዲህ ብሎ ነግሯት እንደማያውቅ ጠየቀችው።

"ዛፍ የሚባል ነገር ፊቴ እንዳይነሳ ሁላችሁም ስትጠነቀቁ አያለሁ። እኔም እናንተ እንዳትጨነቁ ብዬ ጀርባዬን አዞርኩ።"

 አክስቴ መውደቁን የሚያስታውሰው ነገር እንዳይኖር ብላ የጎረቤት ዛፍ ስም እንኳ ላለመጥራት ስትሸሽ፣ እሱ ለእሷ ብሎ ከዛፉ ሲሸሽ፣ ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ሁለቱም ሲጠነቀቁ የኖሩት አንዱ ለሌላው ነው። ቲማቲሙን አንስታ በአጅሬ ትቆርጠው ጀመር። ቁራጩ ወፍራም ነበር። ጋሼ፣ ቲማቲም እንዲህ ይቆረጣል እንዴ ብሎ ተከራከራት። እሷም ተከራከረችው። ጭቅጭቃቸውን እያዳመጥኩ ሻይ ቀዳሁ፤ እንደዚያን ቀን ጭቅጭቅ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ልንነሳ ስንል ካፊያ ጀመረ። አክስቴ ለእማማ ጭራሮ ሳልይዝ አልሄድም ብላ ወደ ግንዱ ተመለሰች። አሁን አቋቋሟ ተስተካክሏል፣ አመታቷም ገብቷታል። ግን እጀታው ረጥቦ ነበር። አንዴ ስታነሳው ቢላዋው መዳፏ ውስጥ ዞረና ሾልኮ ወጣ፤ በአየር ላይ ተገለባብጦ ማንቆርቆሪያው አጠገብ መሬቱ ላይ ተተከለ።  ጋሼ ሄዶ ነቀለው፣ ወለወለው፣ እጀታውን በእጁ አዟዙሮ አየው።

"ብረቱ ደህና ነው" አለ። "ጥፋቱ እዚህ ነው። ድቡልቡል ስለሆነ እጅ ውስጥ ይዞራል፤ መጨረሻውም ሰፋ ስላላለ የሚይዘው የለም።"

አክስቴ በማግስቱ ሱቅ ሳትከፍት ወደ ቀጥቃጩ ሄደች። ዱባውንና ነጭ ሽንኩርቱን አመሰገነችለት፣ ፍልጡን አመሰገነችለት፣ ካሮቱን በጨዋ ደንብ አለፈችው፤ ከዚያ እጀታው ካልተለወጠ እንደማትሸጠው ነገረችው። ቀጥቃጩ ቢላዋውን በእጁ ጨበጠ። የእሱ መዳፍ እንደ አካፋ ነው፤ እዚያ ውስጥ ምንም ነገር አይዞርም። እጅሽ ነው እንጂ እጀታው ምን አጠፋ ብሎ ጮኸ። ፊቱን አየሁ፤ የቀልድ አልነበረም። አክስቴም ከእኔ የሚገዙ ሰዎች የእኔን እጅ እንጂ ያንተን እጅ ይዘው አይመጡም ብላው ተመለሰች። ቢላዋውን ግን አልተቀበላትም፤ ይዘሽው ሂጂ አላት። ከዚያ በኋላ መንገዱን ተሻግሮ ሰላም የሚል ጠፋ። እሱ ጠዋት በሩን ሲከፍት ወደ እኛ አያይም፤ እሷም የበራችንን መስታወት ስትወለውል ጀርባዋን ሰጥታው ነው።

ጋሼ ማንንም ሳያማክር የእጀታውን ችንካር በመሰርሰሪያ አወጣ። ከወንዙ ዳር የደረቀ ወይራ አምጥቶ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ማናችንም አልጠየቅነውም። ወንበሩን ወደ ፀሐዩ አዙሮ፣ በሞረድ፣ ከዚያ በብርጭቆ ስባሪ፣ ከዚያ በአሸዋ ወረቀት ሲፍቅ ዋለ፤ በማግስቱም እንዲሁ። ሬዲዮው ተከፍቶ ማንም አይሰማውም። እማማ ግቢው ውስጥ የሚበተነውን ዱቄት በእጃቸው እየዳሰሱ፣ ይሄ ልጅ ድሮም ከቆሻሻ ሌላ ነገር አያመጣም ይላሉ፤ ግን ወንበራቸውን አስነስተው አጠገቡ ያስቀመጡት ራሳቸው ናቸው። ጋሼ ሲሰለቸው ለአፍታ ያርፍና አክስቴን ጠርቶ ጨብጪው ይላታል። ትጨብጣለች፣ እዚህ ጋ ይቆረቁረኛል ትለዋለች፣ ይፍቃል። እንደገና ይጠራታል። ሱቅና ቤት መመላለሱ ቢያደክማትም አንድም ጊዜ ቆይ አላለችውም።

አዲሱ እጀታ ጎኑ ለስለስ ብሎ ጠፍጣፋ ነው፤ መሃሉ ለጣቶች ገባ ይላል፣ መጨረሻው እንደ ወፍ አፍ ጎበጥ ብሎ ትንሿን ጣት ያቅፋል። ጋሼ ከዘራውን ይዞ፣ ቢላዋውን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ብቻውን መንገዱን ተሻገረ። እኔና አክስቴ ከቀለም ቆርቆሮዎቹ ጀርባ ሆነን አየን።

ቀጥቃጩ መጀመሪያ አልተነሳም። ከዚያ ቢላዋውን ተቀበለው። ብረት የሚያቀዘቅዝበት ውሃ ውስጥ እጁን ነክሮ፣ ሳያደርቅ ጨበጠው፣ በሩ ላይ ያለውን ጉማጅ መታ። ደግሞ መታ። እጁን ዘርግቶ መዳፉን አየ። ሲናገር እንደ ልማዱ ስለጮኸ ከማዶ ሆነን ሰማነው።

"የሌሎቹንም አንተ ሥራቸው!"

ጋሼ የመለሰውን አልሰማንም። ግን ቆይቶ ነው የተመለሰው፤ ብብቱ ሥር እጀታ ያልገባላቸው ስለቶች በጆንያ ተጠቅልለው ነበር። ቀጥቃጩም ከሰዓት በኋላ መጥቶ፣ ሱቃችን ውስጥ የማያስፈልገውን ብሎን ዋጋ ሲጠይቅ ቆየ። አክስቴ ሻይ አዘዘችለት። ስለ እጀታው ማንም አላነሳም።

አክስቴ ግን ያንን አንድ ቢላዋ እንደገና ሳትሞክር ሌሎቹን አልሰቀለችም። እጇን ሳሙና ቀብታ ዱባ ቆረጠችበት፤ እጇን ዘይት ቀብታ አጥንት ሰበረችበት። አልዞረም። ካሮቱን አሁንም ሰነጠቀው፤ ያንን ለገዢዎች ሳትደብቅ ትነግራቸዋለች። የራሳችንን አጅሬ አልሸጠችውም፤ ዱባ በመጣ ቁጥር እማማ የት ሄደ ብለው ያስጠሩታል። ቀጥቃጩም ቀጥሎ የሠራቸውን ጀርባቸውን እያሳሳ ነው።

ጋሼ አሁን በሳምንት አንድ ቀን ለእጀታ የሚሆን እንጨት ፍለጋ ወንዝ ዳር ይወርዳል። አክስቴ በእረፍት ቀኗ አብራው ትሄዳለች። ዛፍ ላይ አይወጣም፤ ከሥር ቆሞ ግን ይህ ቅርንጫፍ በዚህ ክረምት ይወድቃል፣ ያኛው ደግሞ ያታልላችኋል እያለ ያስተምረናል፤ እኛም እንከራከረዋለን።

ሌላ ጊዜ ሱቁ ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የገዢዎችን መዳፍ በክር ይለካል፤ እጀታ በልክ ካልተሠራ አይሆንም ባይ ሆኗል። በቀደም አንዲት መንገድ ዳር ምግብ የምትሸጥ ሴት ለራሷ ልታሠራ መጣች። እጇን ዘረጋች። ጋሼ ክሩን አዙሮ ለካ፣ ጣቷን ለካ፣ እንደገና መዳፏን ለካ፤ ቢላዋውን ለሥጋ ነው ለአትክልት የምትፈልጊው፣ ቀኝ ነሽ ግራኝ፣ ስትቆርጪ ቆመሽ ነው ተቀምጠሽ እያለ ይጠይቃታል። ሴትየዋም ደስ ብሏት ትመልሳለች። አክስቴ ሚስማር እየመዘነች ነበር፤ ቀና ሳትል ተናገረች።

"አንተ ሰውዬ፣ ልኩ ከተወሰደ እጇን መልስላት።"

ጋሼ እጇን ለቀቀ። ከዚያ እስኪያስነጥሰው ሳቀ፤ ሴትየዋም ሳቀች፤ አክስቴ ብቻ ሚስማሯን መመዘን ቀጠለች፣ ሳቋ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነክሳ።